የሁለት ቤት እሳት

እኔ ሀሊሜ አፌን ዘግቼ የማድር ሰው አይደለሁም። አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ስለዚህ ስለ ጉድጓዳችን የሚወራውን ከሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት። አዎ፣ ወጣችንን የምንሠራው፣ ሻያችንን የምናፈላው ከላም ፍግ በሚወጣ ጋዝ ነው። አዎ፣ ሽንት ቤታችንም ከዚያው ጉድጓድ ጋር በቧንቧ ተያይዟል። አዎ፣ የጎረቤቴ የናዝሬትም ሽንት ቤት እንዲሁ። ይኸው ተናገርኩት፤ ሰማይ አልተደፋም።

ናዝሬት አጥሯ ከአጥሬ የተጣበቀ፣ አብረን ወልደን አብረን ያሳደግን ጎረቤቴ ናት። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ክርስቲያን። ለአረፋ እሷ እኔ ቤት ትውላለች፣ ለፋሲካ እኔ እሷ ቤት እውላለሁ፤ ሥጋ ግን ለየብቻ ነው። የእኔን እሷ አትበላም፣ የእሷን እኔ አልበላም፤ በዚህም ተቀያይመን አናውቅም። ባለሙያዎች ስለ ባዮጋዝ ሊያስረዱን ሰፈራችን የመጡ ጊዜ ለአንድ ጉድጓድ አራት ላም ያስፈልጋል አሉን። እኔ ያሉኝ ሁለት፣ ናዝሬትም ያሏት ሁለት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ልገባ ስል ናዝሬት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠራችኝ።

«እቴ ሀሊሜ፣ ሥጋችን አልገናኝ አለ እንጂ ፍጋችን ምን አጣላው?»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ አጥሩን አፍርሰን መሀል ላይ አስቆፈርን። የናዝሬት ባል እንደሻው ግንበኛ ስለሆነ ጉድጓዱን በድንጋይ ገንብቶ፣ ጉልላቱን በሲሚንቶ ደፍኖ፣ አንዱን ቧንቧ ወደ እኔ ወጥ ቤት፣ አንዱን ወደ እሷ ወጥ ቤት ሳበው። ጠዋት ጠዋት ፍጉን በውሃ በጥብጦ ማስገባት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ክብሪት ትጭራለህ፣ ሰማያዊ እሳት ቦግ ይላል። እንጀራ አይሆንለትም፤ አልዋሽም፣ ለእንጀራ አሁንም ሌላ እሳት ያስፈልገናል። የቀረውን ሁሉ ግን ቀጥ አድርጎ ይሠራል።

እንጨት ስንሸከም የኖርን ሴቶች ነን እኮ! ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ጀርባችን እስኪላጥ ስናወርድ፣ እኛ ስናወርድ ዳገቱ ሲራቆት፣ ዳገቱ ሲራቆት የክረምቱ ጎርፍ የሰውን ማሳ ጠርጎ ሲወስድ። እንጨት ሲጠፋ ደግሞ ኩበት አንድደን ለመሬቱ የሚገባውን ለእሳት ስንሰጥ። አሁን ጋዙ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈውን ፍግ ጎመንና ድንቹ ላይ እናፈሰዋለን። ጎመኔን መጥታችሁ እዩት፤ ማሻአላህ ሳትሉ ግን አትንኩብኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄ ነቢላ እዚሁ አሰላ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የሁሩታ ከተማ ልጅ ሰኢድ ወደዳት፤ አስተማሪ ነው፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመላልሶ፣ ባለቤቴ ቱሳ እሺ ብሏል። የቀረው የልጁ ወገኖች መጥተው ከቤታችን የሚቀምሱበት ቀን ነበር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ እህል በአፉ አይዞርም፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሳይቀምስ አይወጣም። ሳይቀምስ ከወጣ ቃሉ ፈርሷል ማለት ነው፤ ማንም ሌላ ትርጉም አይሰጠውም።

ነገሩን ያበላሸችው ናዝሬት ናት፤ ወዳጄ ናት ብዬ አልሸፍንላትም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ገብስ ልትሸጥ ከሁሩታ የመጣች ነጋዴ አጠገባችን ቁጭ ብላ፣ ማገዶ እንዴት ነው እናንተ ጋ ብላ ጠየቀች። ናዝሬት ደግሞ ቀልድ ካማራት ዙሪያዋን አታይም።

«እኛ ቤት እንግዳ ሻይ ከፈለገ መጀመሪያ ጓሮ ደርሶ ይመለሳል!» አለቻት።

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሴትዮዋ አልገባትምና ናዝሬት ከሀ እስከ ፐ አስረዳቻት፤ የጉድጓዱን፣ የሁለቱን ሽንት ቤት፣ የማን ቤት መሆኑን፣ ልጄ ለማን እንደታጨች ሳይቀር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሴትዮዋ ሁሩታ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ገባ።

ሳይውል ሳያድር ሰኢድ ለነቢላ ደወለ። ነቢላ ስልኳን እንደያዘች ወጥ ቤት ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የሰኢድ አባት ሰምተዋል» አለችኝ። «ነጃሳ ያበሰለውን አልቀምስም ብለዋል።»

የሰኢድ አባት ሀጂ ሙሜ ናቸው፤ ሁሩታ ውስጥ ቃላቸው የሚከበር፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው። እሳቸው ካልቀመሱ ሌላው ሁሉ እጁን ይሰበስባል።

«እማ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» አለች ነቢላ። «ከሰል እናምጣ፣ በከሰል እናብስል። ወጥ ቤት ገብተው ቢያዩም ከሰል ያያሉ። ወሬው ውሸት ነበር ብለው ይበላሉ፤ አለቀ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል?»

ቱሳ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ቱሳ ሰላም የሚወድ ሰው ነው፤ ዝንብ እንኳ በትህትና ነው የሚያባርረው። «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ነገር አታክርሪ» አለኝ።

«ነገር የማከርረው እኔ ነኝ? ሰርቄ ነው ያበሰልኩት? ስሚ ነቢላ፣ ዛሬ የእናትሽን እሳት ደብቀሽ የገባሽበት ቤት ነገ እናትሽን ራሷን ደብቂ ይልሻል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ቀን አንዱ ይነግራቸዋል፤ ያኔ ፍጉ ይቀርና ውሸታሞች እንባላለን። ደግሞስ እኔ ዕድሜዬን በጭስ የጨረስኩት አንቺም እንድትጨርሺው ነው? አፍረንበት ከደበቅነው እኮ ሁሩታ ሄደሽ እንጨት ስትነፊ ልትኖሪ ነው።»

«ሰኢድን ባጣውስ?» አለችኝ።

እናት ነኝ፤ የልጄን ዓይን እያየሁ ድንጋይ አይደለሁም። ቢሆንም «በእሳቴ ነው የማበስለው» ብዬ ወጣሁ። ነቢላ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ እሺና እምቢ ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም። ናዝሬት እያለቀሰች መጣች፤ ሁሩታ ሄጄ ዋሽቼ ነው ልበላቸው ወይ አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይልኝ!» አልኳት። «ይልቅ ነይና ገብሱን ልቀሚልኝ።»

ለእንዲህ ያለ ቀን ዋናው ምግብ ጩኮ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ የሚታሽ። ገብሱን በዚያው በሰማያዊው እሳት ቆላሁት። ቅቤውንም በዚያው አነጠርኩት። እልህ ብትሉኝም እቀበላለሁ።

በቀጠሮው ቀን እንግዶቹ ከሁሩታ በሚኒባስ መጡ። ሀጂ ሙሜ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። ከሁሉም በኋላ ሁለት ሰው ደግፏቸው አንዲት አሮጊት ወረዱ፤ የሀጂ ሙሜ እናት ኦብሴ ናቸው። በኦሮምኛ አያትን አኮ ስለምንል ሁሉም አኮ ኦብሴ ይሏቸዋል። ዓይናቸው ቀልቶ ውሃ ያቀራል፤ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም አያዩም። በእጃቸው ሲንቄ ይዘዋል። ሲንቄ በእኛ በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። እንደ ምርኩዝ አይታችሁ አትለፏት፤ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከፊቱ ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም፤ ጠበኛ እንኳ ቢሆን ይቆማል።

ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ። አኮ ኦብሴን ከሴቶቹ ጋር ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«ወጥ ቤት ውሰጂኝ። እርጅና ብርድ ነው፤ እሳት አጠገብ ልቀመጥ።»

ወሰድኳቸው። ናዝሬት ሻይ ጥዳለች። ለአኮ ዱካ አቀረብኩላቸው፤ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ትንሽ ቆዩ።

«መቼ ነው የምታነዱት?» አሉኝ።

«ነድዷል አኮ።»

«አትዋሺኝ ልጄ። ቢነድድ ዓይኔ መች ዝም ይል ነበር?»

ናዝሬት እኔን አየችኝ። እኔ የአኮን እጅ ይዤ ወደ ሙቀቱ አስጠጋሁት። ደነገጡ። እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደገና ዘረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አቀረቡ፣ በአፍንጫቸው ሳቡ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ደረቅ ነው።

«ማን ያራግበዋል?»

«ማንም። ራሱ ይነድዳል።»

«እንጨቱስ?»

«እንጨት የለውም፤ ከፍግ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሽንት ቤታችንም ገብቶበታል» አልኳቸው። ከእኝህ ሴት ምን እደብቃለሁ? የሰሙኝ ይመስለኛል። እጃቸውን መሞቅ ቀጠሉ።

በዚህ መሀል ቱሳ ጠራኝ። ጩኮው በገበቴ ቀርቦ ሁሉም ሀጂ ሙሜን እየጠበቀ ነበር። ሀጂ ሙሜ እጃቸውን ዘርግተው ገበቴው ጋ ሳይደርስ መለሱት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ፣ በጨዋ ሰው ድምፅ። «አንድ ነገር ሰምተን ነበር። ሰው ያወራል፤ ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም። ይህ ጩኮ በምን እሳት ነው የተሠራው?»

ቱሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «በ... በከ...» ሲል ከሰል ሊል እንደሆነ ገባኝ። አላስጨረስኩትም።

«በባዮጋዝ ነው ሀጂ። ከላሞቻችን ፍግና ከሽንት ቤት። ከሁለት ቤት ሽንት ቤት፤ ከእኔና ከጎረቤቴ ከናዝሬት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። ሌላው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ ሻዩም የዚያው እሳት መሆኑ ትዝ ብሎት ነው መሰል።

«ፍጉ ከምግቡ ጋር አይገናኝም» አልኳቸው። «ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዙ ብቻ ነው፤ ጋዙም ይነድዳል። እርስዎስ ማሳዎ ላይ ፍግ ይበትኑ የለም? ገብሱ ከዚያ ላይ አይደል የሚበቅለው?»

«ገብሱ ከአፈር ነው የሚበቅለው። አፈር ያጠራል።»

«እሳትም ያጠራል።»

«እህቴ፣ ለክርክር አልመጣንም። ቤታችሁ የተባረከ ይሁን። እኔ ዛሬ ጨጓራዬን አሞኛልና ሌላ ቀን ያድርሰን።» ይህን ብለው ተነሡ። ሁሉም ተከትለው ተነሡ።

ጨጓራዬን አሞኛል! ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቋል። ቀና ስል ነቢላ በጓዳው በር ቆማለች። አላለቀሰችም። አየችኝ ብቻ። ያኔ ነው የገዛ አፌን የፈራሁት። በከሰል ባበስል ኖሮ ይህን ጊዜ ይበሉ ነበር አልኩ በልቤ። ያላህ፣ በልጄ ዕድል ነው የተጫወትኩት እንዴ?

ወንዶቹ ወደ በሩ ሄዱ። ግን አልወጡም።

አኮ ኦብሴ በናዝሬት ትከሻ ተደግፈው ከወጥ ቤት መጥተው በሩ ላይ ደርሰዋል። ሲንቄያቸውን ጎንበስ ብለው የበሩ ደፍ ላይ አጋደሟት። ከዚያ ከበትሯ ወዲያ ማዶ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እናቴ» አሉ ሀጂ ሙሜ በዝግታ፣ «ይህ እኮ ድሮ የቀረ ነገር ነው።»

«የቀረ ከሆነ ተሻገራታ!»

ሀጂ ሙሜ እግራቸውን አላነሱም። ማንም አላነሳም።

«ሙሜ» አሉ አኮ። «አንተን ጡት ሳጠባህ ኩበት አነድ ነበር። ኩበት ምንድን ነው? ማር ነው? ክረምት ሲሆን እርጥብ እንጨት እየነፋሁ ለአባትህ አበሰልኩ፣ ለአንተ አበሰልኩ፣ ለልጅህ ለሰኢድ አበሰልኩ። ዓይኔን ነው ያነደድኩላችሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እናቴ ዛሬ በምን እሳት ነው ያበሰልሽልኝ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

አኮ በጣታቸው ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆሙ።

«ዛሬ ነው እሳት መጠየቅ ያማረህ?»

ሀጂ ሙሜ መሬት መሬት ያያሉ። ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት ደስ አይልም፤ እኔ እንኳ ፊቴን አዞርኩ። አኮ ኦብሴ ግን አላዘኑላቸውም።

«ነቢላ የምትባለው የቷ ናት? ነይ ልጄ፣ ከዚያ ጩኮ አቅምሺኝ።»

ነቢላ ሮጣ ገበቴውን አመጣች። አኮ ቢስሚላህ ብለው ቆንጠር አድርገው ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ደገሙ። «ቅቤው አልበዛበትም፤ እጅሽ ጥሩ ነው ሀሊሜ» አሉኝ። ወላሂ፣ በዚያ ሰዓት ስለ ቅቤ ያስባሉ!

እናቱ የበላችውን አልበላም የሚል ልጅ የት አለ? ሀጂ ሙሜ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቢስሚላህ አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌዎቹም ዘረጉ። ያ ብርጭቆውን ያስቀመጠው ሰውዬ ሁለተኛ ሻይ ጠየቀ። ተመረቀ፣ አሚን ተባለ። ቱሳ ላቡን ሲጠርግ አየሁት። እኔም ጓዳ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

ጉዱ የመጣው ሲሄዱ ነው። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ሁሉም ተሳፍሯል፤ አኮ ኦብሴ የሉም። ብፈልጋቸው ወጥ ቤት ዱካቸው ላይ ተመልሰው ቁጭ ብለዋል።

«አኮ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«ይሂድ። እኔ ጭስ ቤት አልመለስም። ሁሩታ እንዲህ ያለ እሳት ሲኖር መጥተው ይውሰዱኝ።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ሀጂ ሙሜ ገብተው ለመኑ። ማሎ፣ እባክሽ እናቴ፣ ሰው ምን ይለናል አሉ። የፈለገውን ይበል አሏቸው አኮ። በመጨረሻ ሚኒባሱ ያለ አኮ ሄደ። ቱሳ ማታውን «ሰው ሴት ልጅ ድሮ አማች ያገኛል፤ እኛ ገና ሳንድር የአማቻችንን አያት አገኘን» ብሎ በራሱ ቀልድ ሲስቅ አመሸ።

አኮ ቀሩ። እንደ ንግሥት ኖሩ! ጠዋት እሳታቸው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ወተት ይጠጣሉ፣ ከናዝሬት ጋር ይተራረባሉ። ናዝሬት በጾሟ ቀን ወተቱን ስትቀዳላቸው «አንቺ ሳትቀምሺው የምትሰጪኝ መርዝ ብታደርጊበትስ?» ይሏታል፤ እሷም «ለእርስዎማ መርዝም አይበቃ» ትላለች። ነቢላ ከሥራ ስትመለስ የዓይን ጠብታ ይዛላቸው ትመጣለች፤ ዓይናቸውን እያጠበች ስለ ሰኢድ ልጅነት ታስወራቸዋለች። ከእኔ ጋርም ታረቀች። መታረቅ እንኳ አይባልም፤ አንድ ቀን ድንገት «እማ፣ ጋዙን ልክፈተው?» አለችኝ፣ እኔም ክፈቺው አልኳት፣ በዚያው ቀረ።

ሁሩታ ግን ታመሰ። የሀጂ ሙሜ እናት ልጅዋን ትታ ከሙሽራዪቱ ቤት ገባች ሲባል እንዴት አይታመስ? ሀጂ ሙሜ የሚያስታርቁት ሰው ሁሉ እንዴት ናቸው እናትዎ ይላቸዋል አሉ። አፍረው ቤት መዋል ጀመሩ። ከዚያ አንድ ቀን እንደሻው የግንባታ ዕቃውን በከረጢት አድርጎ ሲወጣ አየሁት። ወዴት ነው ስለው፣ ሀጂ ሙሜ አስጠርተውኛል፣ ሁሩታ ጉድጓድ አለ፣ አለኝ። እልል ብዬ ጎረቤቱን አስወጣሁ።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ሽማግሌ መጣ። ሳቁ፣ ግን እውነት ነው፤ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ያው ሚኒባስ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን የሚጠይቁት ልጅ ሳይሆን አሮጊት ነው! አኮ ኦብሴን ሳሎን መሀል አስቀመጥናቸው። ሀጂ ሙሜ እናታቸው ፊት ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ጉድጓዱ ተገንብቷል። ቧንቧው ወጥ ቤትሽ ገብቷል። ትናንት ለኩሰን አየነው፤ ነደደ።»

«ጭስ አለው?»

«የለውም።»

«ጥሩ። ማን ነው ጠዋት ጠዋት ፍጉን የሚበጠብጠው?»

ሀጂ ሙሜ ይህን አልጠበቁትም። «ያው... ሙሽራዪቱ ትመጣ የለ?» አሉ።

ደሜ ፈላ። ልጄን ለፍግ በጥባጭነት ነው የሚወስዷት? አፌን ከፈትኩ። ግን ከእኔ ቀድሞ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«አባባ» አለች ነቢላ፤ ትሪ ይዛ ቆማለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ። ባልገባም ደግሞ፣ እንጨቱን ሴት ተሸከመችው፤ ፍጉንም ብቻዋን ከበጠበጠችው ምኑ ተለወጠ?»

ቱሳ ዓይኑን ጨፈነ። የወደፊት አማትን ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ መናገር በእኛ አገር አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቀ፣ ዛሬ ፈረሰ አልኩ በልቤ፤ ግን ከእሷ ንግግር አንዲቷን ቃል እንኳ መልሺ አልላትም ነበር። ኮራሁባት።

ሀጂ ሙሜ ነቢላን አዩ። ከዚያ እናታቸውን አዩ፤ እነዚያን የቀሉ ዓይኖች።

«እኔ እበጠብጣለሁ» አሉ።

«አንተ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ሀጂ?»

«እኔ። እኔ ባልኖር ሰኢድ። ሰምተሃል፤ አትደጋግመኝ።»

አኮ ኦብሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊነሡ ነው ብለን ስንንቀሳቀስ እጃቸውን አንሥተው አቆሙን።

«ገና ነው» አሉ። «ሙሜ፣ ይህቺን ልጅ ለማጨት ስንት ጊዜ ተመላለስክ?»

«ተመላልሻለሁ።»

«ማንን ጠየቅክ?»

«አባቷን ነዋ። ኦቦ ቱሳን።»

«እሱማ እሺ አለህ። እሱ አይደለም አንተ ቤት የሚገባው። እኔን አባቴን ጠይቀው ወሰዱኝ፤ ወጥ ቤቱን እንኳ አላሳዩኝም። በል ዘወር በልና ልጅቷን ጠይቃት።»

ሀጂ ሙሜ ከተቀመጡበት ዞሩ። ያ የተከበረ ሰው፣ ሁሩታ ውስጥ ሲናገር የሚደመጥ ሰው፣ ልጄን ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ ነቢላ» አሉ፣ «ትመጪልናለሽ ወይ?»

ነቢላ ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ አባቷም አላየችም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አሁን ጠየቁኝ፤ እመጣለሁ» አለቻቸው።